ደላላው የጨመረላት ስምንት ዓመት

ዓረብ አገር፣ ባዲዓ በሚባል ሰፈር፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ፤ የዚያ ሕንፃ ሐሪስ ነኝ። ሐሪስ ጠባቂ ማለት ነው፤ ግን መጠበቁ ከሥራዬ ትንሹ ነው። ደረጃ አጥባለሁ፣ የውኃ ቦቴ ሲመጣ ቱቦ እይዛለሁ፣ የተቃጠለ አምፖል እቀይራለሁ፣ የሰው ዕቃ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። ክፍሌ ከበሩ ጎን ናት። እዚህ ከተማ ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ፣ ሳልጨርስ የቀረ ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ የሚያነበው ሰው ይታገሠኝ።

እኔና ሚስቴ ልጅ ለማግኘት ብዙ ደጅ ጠንተናል። ከደጆቹ አንዱ ተከፍቶልን ነበር፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህንን ነው የምጽፈው።

ሚስቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። አሮጊቷን ሕንፃው በሙሉ ማማ ይላቸዋል፤ እኛም ማማ እንላቸዋለን። ሚስቴን ያወቅኋት ለማማ ከገበያ የመጣ ዕቃ ሳወጣ ሳወርድ ነው።

«አባባ፣ ይተዉት፣ እኔ እሸከመዋለሁ» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን አባባው ከበደኝና «አባባ አትበይኝ» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበልዎት? ጋሼ?»

«ጋሼ ይሻላል። አንድ ደረጃ ወረድን።»

ሳቀች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ደረጃ ለመውረድ ወራት ፈጀብን። «አንተ» ስትለኝ ዓመት አልፎ ነበር። እኔ ወደ ስልሳ እየተጠጋሁ ነበር፣ እሷ ሠላሳ ሦስት። ከሕንፃው ፊት ለፊት መኪና የሚያጥብ አንድ የወሎ ሰው አለ፤ እኩያዬ ነው ማለት ይቻላል፣ ምላሱ አያርፍም። «ሊፍቱ ከተበላሸ ስንት ጊዜው ነው፤ ጋሼ ግን ሦስተኛ ፎቅ እየሮጡ ይወጣሉ፤ ማሻአላህ!» ይለኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቆንስላ ሄደን፣ ሁለት ምስክር አቁመን ተጋባን። ማማ ከሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ማታ ለቀቁልኝ። ሌላው ቀን የእሳቸው ናት፤ ሌሊት ውኃ የምታቀብል፣ መድኃኒት የምታስታውስ እሷ ናትና። በሳምንት አንድ ቀን ባል ነበርኩ፣ ስድስቱን ቀን ሐሪስ።

አሁን ስለ ወረቀቱ ልናገር። ሚስቴ ከአገር የወጣችው አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ነው። በዚያ ዕድሜ ፓስፖርት አውጥቶ ለሥራ መምጣት አይቻልም፤ ደላላው ስምንት ዓመት ጨመረላት። የትውልድ ቀኗን መስከረም አንድ አለው። የብዙዎቻችን ልደት መስከረም አንድ ነው፤ ደላላ ሌላ ቀን አያውቅም። በፓስፖርቱ ላይ ያለው መኖሪያ ፈቃዷ ላይ፣ ኢቃማው ላይ፣ ተጻፈ፤ ኢቃማው ላይ ያለው በየቢሮው ኮምፒዩተር ገባ። ስንጋባ እውነተኛዋ ሠላሳ ሦስት፣ ወረቀቷ አርባ አንድ ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ትምህርት ነበረኝ፤ ለመጣ ሰው ሁሉ የማስተምረው፦ ወረቀቱ ያለውን በል። ይህን ያስተማረኝ ያየሁት ነው። አብሮኝ ጉበይራ ሰፈር አንድ ክፍል ያደረ ሰው ነበር፤ ኢቃማ ሊያድስ ሄዶ መስኮት ላይ ዕድሜ ሲጠይቁት የልጅነቱ የዋህነት መጣበትና እውነተኛውን ተናገረ። አንድ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ወለደ። እኛ እስክንሰማ ተርሒል፣ ወደ አገር የሚመለስ ሰው የሚታሰርበት፣ ገብቶ፣ ተሳፍሮ፣ ሄዷል። ብርድ ልብሱን እኔ ነኝ ያጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ በቢሮ መስኮት ፊት ከወረቀቱ ሌላ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ሚስቴን አለማምዳት ነበር። ድምፄን አወፍርና እንደ ሹም ቆሜ፦

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«መቼ ተወለድሽ?»

«መስከረም አንድ።»

«የት?»

«ደላላው ቤት!» ትልና አልጋው ላይ ተደፍታ ትስቃለች። እኔም ሹምነቴን ረስቼ እስቃለሁ። የቤታችን ጨዋታ ይሄ ነበር።

ልጅ ግን አልመጣም። አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ሦስተኛ ወሩን ሳይጨርስ ወረደ። ያን ቀን የማማን መስኮት ስትወለውል ነው የጀመራት። ለማንም አልነገረችም፤ መስኮቱን ጨርሳ ነው የወረደችው። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። የነፍስ አባቷን በስልክ፣ እንቁላል አውጥተው ከማህፀን ውጭ ስለሚያስፀንሱበት ሕክምና፣ ልትጠይቃቸው ታስብና ትተወዋለች። «እምቢ ቢሉኝስ?» ትለኛለች። እንዳልጠየቀቻቸው አለች።

ማማ ነገሩን ያወቁት በራሳቸው ነው። የልጅ ልጃቸው በሕክምና ወልዳ ሕፃኑን ሊያሳዩአቸው ሲያመጡት፣ ሚስቴ ሕፃኑን ተቀብላ መመለስ አቃታት። ማማ ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን ያንን አዩ። እንግዶቹ ሲሄዱ ጠሯትና «አንቺስ?» አሏት። አለቀሰች። በነጋታው ማማ የልጅ ልጃቸውን ላስወለደችው ሐኪም ራሳቸው ደወሉ። «ልጄ ናት፣ እንደ ልጄ እያት» አሉ። ለሕክምናው የሚሆን እኔና እሷ አጠራቅመን ነበር፤ የጎደለውንም ማማ እሞላለሁ ብለዋል።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት፤ ጎልማሳ፣ ድምጿ ዝግ ያለ። ካርድ የሚያወጣው ልጅ ኢቃማውን አይቶ «አርባ ስድስት? ከአርባ አምስት በላይ አይጀመርም፣ የቤቱ ደንብ ነው» ብሎን ነበር። ያን ጊዜ ሚስቴ በእውነቱ ሠላሳ ስምንቷ ነው። ሐኪሟ ግን ከበር ወጥታ «ማማ የላከቻቸው ናቸው፤ መጀመሪያ ደሟን ልየው» አለችው።

እኔንም መረመሩኝ። አንድ ፊሊፒኒ ትንሽ ብልቃጥ ሰጥቶ አንድ በር አሳየኝ። ምን እንደሚፈልግ ሲገባኝ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ ሥዕል አለ፤ የባሕር ሥዕል ነው። ባሕሩን ሳየው ብዙ ቆየሁ። ውጤቱ ሲመጣ «ለዕድሜው ደህና ነው» ተባለ። ለመኪና አጣቢው በምን አፌ እንደ ነገርኩት እንጃ፤ ባልዲውን አስቀምጦ «ሞተሩ አሮጌ ነው፣ ግን ይነሳል በለኛ!» አለና ለሳምንት ያህል ሲያየኝ ቁልፍ የሚያዞር መስሎ እጁን ያሽከረክር ነበር። ያ ሳምንት ደስ የሚል ሳምንት ነበር። ሚስቴ ደረጃውን ስትወርድ ታንጎራጉር ነበር።

ውጤት የምንሰማበት ቀን ሐኪሟ ወንበሯን ከጠረጴዛው አውጥታ ሚስቴ አጠገብ ተቀመጠች። አንዲት ሐበሻ ነርስ በሩ ጋ ቆማለች። ሐኪሟ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው።

«ይህ ደም የአርባ ስድስት ዓመት ሴት አይመስለኝም» አለች። «እንቁላሎቿ ገና አሉ። አልትራሳውንዱም እንደዚያው ይላል። ይቺ ሴት ከአርባ በታች ናት ብትሉኝ አምን ነበር።»

ወረቀቱን ወደ ሚስቴ አዞረች።

«ዕድሜው ትክክል ነው? ከአገራችሁ የሚመጡ ወረቀቶች ላይ ስሕተት እንዳለ አውቃለሁ፤ የኛም አገር ወረቀት እንደዚያው ነው። ስሕተት ካለ ንገሩኝ። ከሌሎቹ ሐኪሞች ጋር ተነጋግሬ በደሟ ውጤት እንድንጀምር አደርጋለሁ። ትክክል ከሆነ ግን እጄ የታሰረ ነው።»

የጠየቀችው ሚስቴን ነበር። ሚስቴ አፏን ከፈተች፤ ከንፈሯ ሲላቀቅ አይቻለሁ። የቀደምኳት እኔ ነኝ።

«ትክክል ነው» አልኩ። «መስከረም አንድ ነው የተወለደችው።»

ሰው እንዴት እንዲህ ይላል ትሉኝ ይሆናል። ሐኪሟ ነጭ ልብስ ለብሳለች፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተር አለ፣ የሚስቴ ኢቃማ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እኔ ያየሁት መስኮት ነው። ያጠፍኩት ብርድ ልብስ ነው የታየኝ። ዓርብ ዓርብ የለማመድነው ነገር ከአፌ ወጣ።

ሐኪሟ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ሳበችና «እንግዲያው እዚህ ላይ ፈርሙ» አለች። ዕድሜው ትክክል ነው፣ ሕክምናው የማይጀመርበት ምክንያትም ተነግሮናል የሚል ወረቀት ነበር። ፈረምኩ። ሚስቴም ፈረመች። እኔ ስለ ፈረምኩ ብቻ የፈረመች ይመስለኛል።

ኮሪደሩ ላይ ሐበሻዋ ነርስ ተከትላን መጣች። «አባባ፣ ምን አደረጉ?» አለችኝ። «እዚህ ማን ፖሊስ ይጠራል? በሩን ከፍታልዎት ነበር እኮ።» ከዚያ ወደ ሚስቴ ዞራ «እህቴ፣ አንቺስ ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት። ሚስቴ ኢቃማዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ በሩ ሄደች።

ታክሲ ውስጥ በመስኮት ስታይ ቆየችና ሕንፃችን ጋ ስንደርስ «ይውረዱ፣ ደርሰናል» አለችኝ። አንተ ማለት ከጀመረች አምስት ዓመት አልፎ ነበር፤ ያን ቀን ወደ እርስዎ ተመለሰች። ዓርብ ሲመጣ አልወረደችም። የሚቀጥለውም ዓርብ አልወረደችም። ማማ ምን እንደ ተፈጠረ ጠይቀውኝ ደረጃው ላይ ቆሜ ነገርኳቸው፤ ከዘራቸውን አንስተው ሊመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ መልሰው አወረዱትና «አንተ ምስኪን» አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሚስቴ ራሷ መጥታ ክፍሌን አንኳኳች። «እንሂድና እውነቱን እንንገራት» አለች። ሄድን። ተናገርኩ፤ ደላላውን፣ መስከረም አንድን፣ የዓርቡን ልምምድ ሳይቀር። ሐኪሟ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«አምንሃለሁ» አለች። «ያን ቀንም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን ፋይሉ ውስጥ ፊርማችሁ አለ። የፈረመ ሰው ሐሳቡን ለወጠ ብዬ ሌሎቹን ማሳመን አልችልም። ከፊርማው የበለጠ ወረቀት አምጡልኝ። ፓስፖርቷ ይታረም። ቶሎ በሉ፤ እንቁላሎቿ አይጠብቋችሁም።»

ቶሎ አለች። እኛም ቶሎ ያልን መሰለን።

ቆንስላ ስንጠይቅ ከአገር ቤት የልደት ማስረጃ፣ የክርስትና ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል ተባልን። የሚስቴ ወንድም ወሎ ነው ያለው። እናታቸው የልጃቸውን ልደት በዓመት ቁጥር አያውቁትም፤ «የሰፈራ መኪና የመጣ ጊዜ፣ እሷ የሰማንያ ቀኗን ክርስትና ስትነሳ ነው አጎቷን ጭነው የወሰዱት» ነው የሚሉት። ይህ ለእኛ በቂ ነው፤ ለፍርድ ቤት ግን ወረቀት ያስፈልገዋል። ወንድሟ መዝገቡን የሚያውቁትን ቄስ ፍለጋ ሲሄድ መንገዱ በጦርነት ተዘጋ። ስልክም ተቋረጠ። ወር፣ ሁለት ወር፣ አምስት ወር። መስመሩ የተከፈተ ቀን ሚስቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እናቷ ነው፤ ቀጥላ «መዝገቡስ?» አለች። ወንድሟ በዚያ በኩል «እህቴ፣ እኛ እኮ ቤታችን የለም» አላት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ በራሷ አፍራ ሻሿን ዓይኗ ላይ ጎትታ ተቀመጠች።

ይህ ሕክምና አዲስ አበባም አለ፣ እዚያ ሂዱ ያለን ሰው አለ። ፓስፖርቱ እዚያም ያው ፓስፖርት ነው። ደግሞም የወጣ ሰው መመለሱን ማን ያውቃል? እሷን ኸላስ፣ አበቃ ብለው እንዳያስቀሯት ፈራሁ። እንደገና ፈራሁ ማለት ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ትክክል ፈርቼ ይሁን ዝም ብዬ ፈሪ ሆኜ መለየት አልቻልኩም።

መዝገቡ በመጨረሻ ተገኘ፤ ቄሱ ሲሸሹ ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር ይዘውት ኖሯል። ፍርድ ቤቱ ወሰነ፣ ቆንስላውም ፓስፖርቷን አረመ። ወረቀቱ እጃችን ሲገባ ከሁለት ዓመት በላይ ሄዷል። ከዚያ ደግሞ የከፊሏ ነገር መጣ። ከፊሏ፣ ማለት በስሙ ተቀጥራ ያለችው ዋሷ፣ የማማ ትልቁ ልጅ ነው፤ ኢቃማውን በአዲሱ ፓስፖርት ለማስተካከል እሱ አብሯት ጀዋዛት፣ ኢቃማ የሚሰጥበት ቢሮ፣ መሄድ አለበት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን እሱም እንደ እኔ መስኮት ይፈራል።

«ምን አደከመኝ? ሃያ ዓመት በዚህ ዕድሜ ኖራለች» አለ።

ማማ ከአልጋቸው ሳይነሱ «አንተን ስወልድ ስንት ዓመቴ ነበር?» አሉት።

«እኔ እንጃ።»

«እኔም እንጃ። ማንም አልጠየቀኝም። ያላ፣ ተነስና ውሰዳት!»

ወሰዳት። አንድም ሰው አልጮኸባትም፣ አንድም ሰው ተርሒል አላላትም። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ትርጉም አገላበጠ፣ ጻፈ፣ አለቀ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ፍርሃቴ ሻይ የሚያስጠጣ ጊዜ እንኳ አልወሰደም። አዲሱ ኢቃማ ሲወጣ ሚስቴ አርባ አንድ ሆነች፤ በወረቀትም በእውነትም። መኪና አጣቢው «እኛ እናረጃለን፣ እሷ ልጅ ትሆናለች» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ፤ ፈገግ አለችለት፣ ለእሱ ብላ።

ሐኪሟ ዘንድ የሄድነው በዚያው ሳምንት ነው። አዲሱን ኢቃማ ሚስቴ ራሷ ነች የሰጠችው። ካርድ የሚያወጣው ልጅ ያየውና ምንም አላለም። ደም ሰጠች፣ አልትራሳውንድ ተነሳች። ሐኪሟ እንደ ያኔው ወንበሯን አውጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ይህን ሳይ አወቅሁ። ጥሩ ወሬ ያላት ሰው ጠረጴዛዋ ኋላ ሆናም ትናገረዋለች።

«አንዳንዷ ሴት ቶሎ ያልቅባታል» አለች። «ምክንያቱን አላውቅም፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሁለት ጊዜ አየሁ፤ የምወስደው እንቁላል የለም። ሌላ አገር ከሌላ ሴት ይወስዳሉ፤ እዚህ አይፈቀድም፣ አንቺም የምትፈልጊው አይመስለኝም።»

ሚስቴ «ያን ጊዜ ቢሆንስ?» አለች። አረብኛዋ እንደዚያ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

ሐኪሟ እኔን አላየችኝም። አለማየቷ ከቸርነቷ ነው። «ያን ጊዜም ይሆን ነበር ብዬ አልምልልሽም» አለች። «እንሞክር ነበር።»

ነርሷ የሚፈረም ወረቀት አመጣች፤ ሁሉ ተነግሮናል የሚል። እስክሪብቶውን ለእኔ ዘረጋችልኝ፣ ባል ስለ ሆንኩ። ሚስቴ እጇን አሳልፋ ተቀበለቻት። «እኔ እፈርማለሁ» አለች። መጀመሪያ አነበበችው፤ ጊዜ ወስዳ፣ መስመር በመስመር፣ ጣቷን እያስኬደች። ከዚያ ፈረመች፤ እስክሪብቶውን ለእኔ ሳታቀብል ለነርሷ መለሰችላት።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ትወርዳለች። ምግብ ይዛ ትመጣለች፣ አብረን እንበላለን፣ ልብሴን ትተኩስልኛለች። አንተ ትለኛለች፤ ይህም ከመቼ ወዲህ እንደ ተመለሰ አላስተዋልኩም። ሹም መስዬ አልቆምም። አንድ ዓርብ ይቅር በይኝ ብዬ ልጀምር አልኩና «ተው፣ ይቀዘቅዛል፣ ብላ» አለችኝ። በላሁ።

ባለፈው ወር ራሷን አሟት ሰፈራችን ካለው ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ስንት ዓመቷ ነው?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። አፌን ዘጋሁ። ሚስቴን አየኋት፣ እንድትናገረው፤ አሁን የሚያስፈራ ነገር የለም፣ ወረቀቱና እውነቱ አንድ ናቸው። ብትለው ደስ ይለኝ ነበር። ከእሷ አፍ አንድ ጊዜ ብሰማው።

ቦርሳዋን ከፍታ ኢቃማውን በመስኮቱ ሥር አሾለከችላት።

«እዚያ ላይ አለ» አለች።